አርባ ሌሊት፦ ሲሕር የዒባዳ ልብስ ለብሶ ሲመጣ




ባለፈው ክረምት ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂዱ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ አንድ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ራሱ ፈቅዶልኛል። ከስቷል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣኝም?» አለኝ። «ሰው ሌሊት እየተነሳ፣ አላህን በስሞቹ እየጠራ፣ ሺርክ ውስጥ ሊገባ ይችላል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈተና ወደቀ። ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ቤተሰቦቿ አይሆንም አሉት። በዚያ ሰሞን ቴሌግራም ላይ «የሩሓኒ ሐኪም ነኝ» የሚል ሰው አገኘ። ሰውየው ጥንቆላ የሚለውን ቃል በአፉ አላነሳም። «ይህ ሪያዳ ነው፤ የነፍስ ልምምድ ነው፤ የቀደምት ወልዮች መንገድ ነው» አለው። ትእዛዙም ይህ ነበር፦ አርባ ሌሊት ክፍልህን ዘግተህ ብቻህን ሁን፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አትቅመስ፤ ነጭ ልበስ፤ ዑድና ሉባን አጭስ፤ ይህን ስም በየሌሊቱ ይህን ያህል ሺህ ጊዜ በል፤ ቁጥሩ በአንድ እንኳን ከተዛነፈ እንደገና ጀምር። በመጨረሻ አንድ «ኻዲም» ይመጣልሃል፤ ያዘዝከውን ይፈጽማል። ለዚህ ሁሉ በየአሥር ቀኑ ገንዘብ ይላካል።

«የከበደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «ዒባዳ ይመስል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ተነስቼ አላውቅም።»

የዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ሲሕር ሁልጊዜ ጥቁር ዶሮና የቡና አተላ ይዞ አይመጣም። አንዳንዴ ጾም፣ ኸልዋና ዚክር ለብሶ ይመጣል። ታዲያ በምን እንለየዋለን?

አዲስ ነገር አይደለም

ይህ ልጅ የተቀበለው ትእዛዝ ከቴሌግራም በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። በሙስሊሙ ዓለም ከእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ሁሉ ስሙ የገነነው «ሸምሱል መዓሪፍ» ነው። መጽሐፉ የሚነገረው በ7ኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሞተው፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ካለችው የዓናባ ከተማ በመጣው በአሕመድ አልቡኒ ስም ነው። በገበያ የሚሸጠው ትልቁ ቅጂ ግን እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በሌሎች እጅ እየተጨመረበት የተስፋፋ መሆኑን ተመራማሪዎች ይናገራሉ። በውስጡ የፊደላት ቁጥሮች፣ በሠንጠረዥ የተጻፉ አሃዞች፣ የዕጣን ዓይነቶች፣ የሰዓትና የከዋክብት አቆጣጠር ከአላህ ስሞች ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። የሚያሳስተውም ይኸው መቀላቀሉ ነው።

ነጮቹም ቢሆኑ ከዚህ አልራቁም። «ጋየቱል ሐኪም» የተባለው የዐረብኛ የጥልሰም መጽሐፍ በአንደሉስ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1256 በካስቲያው ንጉሥ በአልፎንሶ 10ኛ ዘመን ወደ እስፓኝ ቋንቋ ተተረጎመ፤ ከዚያም በላቲን አውሮፓን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ውስጥ «ወርቃማው ንጋት» የሚባል ማኅበር ተመሥርቶ ሥርዓተ አስማትን እንደ ደረጃ ያለው መንፈሳዊ ትምህርት ያስተምር ነበር። ዛሬ ቲክቶክ ላይ ሻማ አብርተው ክበብ ሥለው «የውስጥ ኃይልህን አንቃ» የሚሉህ ሰዎች የዚያ መንገድ የልጅ ልጆች ናቸው።

በአገራችንም ደብተራው በብራና ላይ የሚጽፈው ጥልሰም አለ፤ የብራናው ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን የሚደረግበት ልማድም አለው። «አውደ ነገሥት» የሰውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ ዕጣውን ይናገራል። በሙስሊሙ ሠፈርም በቆዳ የተሰፋ ክታብ ከሕፃን አንገት እስከ ሱቅ በር ድረስ ሲንጠለጠል አይተናል። ሃይማኖቱ ይለያያል፤ ስሌቱ ግን አንድ ነው፦ ትክክለኛው ስም፣ ትክክለኛው ቁጥር፣ ትክክለኛው ሰዓት ከተገኘ የማይታየው ዓለም ይታዘዛል።

ልጁ የተላከለትን ሠንጠረዥ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ዘጠኝ ቤቶች አሉት፤ በላይኛው መስመር 4፣ 9፣ 2፤ በመካከለኛው 3፣ 5፣ 7፤ በታችኛው 8፣ 1፣ 6። «ምስጢሩ ይህ ነው ብሎኛል» አለኝ። ወደ ጎን ደምረው፤ 15። ወደ ታች ደምረው፤ 15። ከጥግ ወደ ጥግ ደምረው፤ አሁንም 15። የሚያምር ሒሳብ ነው፤ ቻይናዎችም ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ጅን የሚያዝ ቢሆን ኖሮ የሒሳብ መምህራን ሁሉ ሱለይማንን በሆኑ ነበር!

ቁርኣን ምን ያስተምረናል?

የዚህ መንገድ ሰዎች ሁሉ የሚጠሩት ስም የነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ነው። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባል የግዕዝ ጽሑፍ አለ፤ በዐረብኛውም «የሱለይማን ማኅተም» የሚባል አለ። አላህ ግን በሱረቱል በቀራ 102ኛው አያ ላይ ሱለይማንን ከዚህ ነገር አጽድቶታል፤ የካዱትና ሲሕርን ያስተማሩት ሸይጧኖች መሆናቸውን ነግሮናል። በባቢሎን የነበሩት ሃሩትና ማሩትም ማንንም ከማስተማራቸው በፊት «እኛ ፈተና ነን፤ አትካድ» እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ሰዎቹ ከነሱ የተማሩት ምን ነበር? ባልን ከሚስት የሚለይ ነገር። በዚያም ቢሆን ያለ አላህ ፈቃድ ማንንም መጉዳት እንደማይችሉ አያው ያረጋግጣል።

ሱረቱ ሰበእ 14ኛው አያ ላይ ደግሞ የሱለይማንን አሟሟት እናገኛለን። በትሩን ተደግፎ ሳለ ሞተ፤ ጅኖቹ ግን ምስጥ በትሩን በልታ አካሉ እስኪወድቅ ድረስ አላወቁም፤ በከባድ ሥራቸው ቀጠሉ። እስቲ አስቡት! ፊታቸው ቆሞ የነበረን ሰው መሞት ያላወቁ ፍጡሮች የአንተን የነገ ውጤት፣ የአንቺን የነገ ባል ከየት ያውቃሉ?

ሱረቱል ጅን 6ኛው አያም ሰዎች ወደ ጅኖች መጠጋታቸው ሸክም እንጂ ሌላ እንዳልጨመረላቸው ይናገራል። ልጁ ይህን ስነግረው አንገቱን ደፋ። ከሠላሳኛው ሌሊት በኋላ እንቅልፍ ጠፍቶበት ነበር፤ ግድግዳው ውስጥ ሰው የሚናገር ይመስለው ጀመር። የናቱን ስልክ ማንሳት አቆመ። ሰውየው «ክፍሉን ከለቀቅክ ሥራው ይበላሻል» ስላለው ጀመዓ ሶላት ተወ፤ ሦስት ጁሙዓ አለፈው። በ38ኛው ሌሊት የመጨረሻው ትእዛዝ መጣለት፦ የቁርኣን አያ በነጃሳ ጻፍ። ያኔ ብርድ ብርድ አለው። ስልኩን ወርውሮ በሩን ከፍቶ ወጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰባት አጥፊ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ ከሺርክ ቀጥለው ያስቀመጡት ሲሕርን ነው፤ ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ወደ ጠንቋይ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ሙስሊም ዘግበዋል። ሰውየው ለልጁ አርባ ሌሊት ሲሰጠው ምን እየወሰደበት እንደነበር አያችሁ?

ሦስት መለያዎች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። «ኸልዋ ሀራም ነው?» ትሉኝ ይሆናል። «ዚክር በቁጥር አይባልም?» ትሉኝ ይሆናል። አባቶቻችን ሸይኾች በወሎም፣ በሐረርም፣ በጅማም ሌሊቱን በዚክርና በሶለዋት ያነጉ ነበር። እነሱን ከሳሒር ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከወሕይ በፊት በሒራ ዋሻ ተገልለው ያመልኩ ነበር፤ ሙሳም (ዐ.ሰ) ለጌታው ቀጠሮ አርባ ሌሊት ሞልቷል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

1. ምን ፈልገህ ነው የተነሳኸው?

ኢማሙ ገዛሊ በ488 ዓመተ ሒጅራ በባግዳድ የነበራቸውን ትልቅ የማስተማር ወንበር ትተው ወጡ። በሻም ሁለት ዓመት ያህል ሲቆዩ በደማስቆ መስጂድ ሚናራ ላይ በር ዘግተው ይውሉ ነበር። ምን ፈልገው? ልባቸው ለዝና ይሠራ እንደነበር ስለገባቸው ሊያጸዱት። እኚሁ ዓሊም «ኢሕያእ» በተባለው ኪታባቸው ሲሕርንና ጥልሰምን ከተወገዙት ዕውቀቶች ውስጥ አስገብተዋቸዋል። የገዛሊ በር መዘጋት ነፍስን ለማሸነፍ ነበር፤ የሳሒሩ በር መዘጋት ሌላውን ለማሸነፍ ነው። ልጅቷ ሳትወድ እንድትወደው፣ ፈታኙ ሳያውቅ እንዲያሳልፈው። ዒባዳ «ጌታዬ፣ እኔ ባሪያህ ነኝ» ይላል። ሲሕር «እኔ ላዝዝ» ይላል። ጾሙ አንድ ሊመስል ይችላል፤ ልቡ ግን ጀርባ ለጀርባ ነው።

2. ቁጥሩን ማን ሰጠህ?

ከሶላት በኋላ ሱብሓነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34 እንላለን። ቁጥሩን ያስተማሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ብትሳሳት አላህ መሓሪ ነው፤ ማንም መጥቶ አያንቅህም። ሳሒሩ ጋ ግን ቁጥሩ እንደ ቁልፍ ነው፤ አንድ ጥርስ ከጎደለው በሩ አይከፈትም፤ ይባስ ብሎ «ጅኑ ይጎዳሃል» ተብለህ ትፈራለህ። በፍርሃት የሚያስርህ ዚክር ልብን የሚያረጋጋው ዚክር አይደለም።

3. ከሰው ያገናኝሃል ወይስ ይነጥልሃል?

ትክክለኛ ኸልዋ ያለው ሰው ከወጣ በኋላ ለናቱ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ጀመዓውን ይናፍቃል። ይህ ልጅ ግን ከጀመዓ፣ ከጁሙዓ፣ ከናቱ ተቆረጠ፤ በምትኩ ያልተቆረጠው ወደ ሰውየው የሚላከው ብር ብቻ ነበር። ኢብኑ ኸልዱን (732–808 ሒ.) በ«ሙቀዲማ»ቸው ስለ ሲሕርና ስለ ጥልሰም በስፋት ጽፈው ሸሪዓ ሁለቱንም በአንድ ክልከላ ውስጥ ማስገባቱን ያስረዳሉ፤ ምክንያቱ ከአላህ ወደ ሌላ መዞርና ሰውን መጉዳት ነው። የሚነጥልና የሚጎዳ ከሆነ ስሙ «ሩሓኒያ» ቢባልም ያው ነው።

ከጎረቤቶቻችን አንድ ነገር

እኛ እዚህ ጋሞ ውስጥ ጥቂቶች ነን። ዙሪያችን ያሉት ተራሮች፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ጀምሮ፣ የራሳቸው የቆየ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች አገር ናቸው። ጋሞዎች «ጎሜ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ክልክል የሆነን ነገር መጣስ በሰውም በአዝመራም ላይ መከራ ያመጣል ብለው ያምናሉ። የእኛ ዓቂዳ ከዚህ ይለያል፤ ጥቅምም ጉዳትም በአላህ እጅ ነው። ይህን ሳንሸፋፍን እንናገራለን። ከጎረቤት ግን መልካም ነገር ሲታይ መመስከርም ዲናችን ነው።

መስከረም 2011ን ታስታውሳላችሁ። በቡራዩ አካባቢ በጋሞና በዶርዜ ተወላጆች ላይ ግድያ ተፈጸመ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ገንፍሎ ወጣ፤ እዚህ በሚኖሩ ንጹሐን ጎረቤቶች ላይ ሊበቀል ሊሄድ ሆነ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በባህላቸው ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ትልቅ ነውር ነው። ወጣቱ ቆመ። ከተማዋ ተረፈች።

ሰውን የሚያስቆም ኃይል ከፈለጋችሁ፣ ይኸውላችሁ። ኻዲም የለበትም፤ ሠንጠረዥ የለበትም። ሽማግሌዎቹ ሐዘኑ የራሳቸው ሆኖ ሳለ ቁጣቸውን ዋጡ፤ ከልጆቻቸው ፊት ዝቅ አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጠንካራ ማለት በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚይዝ መሆኑን አስተምረውናል። አርባ ሌሊት ዕጣን ያጨሰው ልጅ የፈለገው ኃይል ይህ መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው፤ ራስን የመያዝ ኃይል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ መከላከያህን ከሱና ውሰድ። ስትተኛ አያተል ኩርሲን ቅራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በየሌሊቱ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን ቀርተው በእጆቻቸው ላይ እፍ ብለው ሰውነታቸውን ያብሱ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። ይህ ሁሉ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም፤ ብርም አይከፈልበትም።

ሁለተኛ፣ ሩቅያ ካስፈለገህ ዑለማዎች ሦስት መስፈርት አስቀምጠዋል፦ በአላህ ቃል ወይም በስሞቹ መሆን፣ ትርጉሙ በሚታወቅ ቋንቋ መሆን፣ የሚያድነው አላህ እንጂ ሩቅያው በራሱ አለመሆኑን ማመን። የማይገባህን ቃል የሚያንሾካሹክ፣ የእናትህን ስም የሚጠይቅ፣ ልብስህን ወይም ፀጉርህን አምጣ የሚል፣ ብቻህን ወይም ብቻሽን ክፍል ግቡ የሚል ሰው ራቂ አይደለም፤ ሽሽ፤ ሽሺ።

ስለ ክታብ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። የቁርኣን አያ ብቻ የተጻፈበትን በተመለከተ ከሶሓቦች ጀምሮ የሐሳብ ልዩነት አለ፤ ኢብኑ መስዑድና (ረ.ዐ) ተማሪዎቻቸው ይከለክሉ ነበር። ቁጥርና የማይታወቅ ስም የተጻፈበት ግን ልዩነት የለበትም፤ አይፈቀድም። ቆዳው ተሰፍቶ ስለሚሰጥህ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ቁርኣኑን በልብህ ያዘው፤ አይጠፋብህም።

ሦስተኛ፣ ሰውን አትወንጅል። ፈተና ስለወደቅን ብቻ «ጎረቤቴ አስደገመብኝ» አንበል። ለቢድ የተባለው ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሲሕር እንደሠራ አላህ ካሳወቃቸው በኋላ እንኳን «አላህ ፈውሶኛል» ብለው ነገሩን በሰዎች መካከል መጥፎ ነገር እንዳያስነሳ ተዉት። በአገራችን ስንት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ተገልሏል! በጋሞም ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ተለይተው ኖረዋል። ሲሕርን እንጸየፋለን ብለን በጥርጣሬ ሰው ከበደልን ከአንዱ ወንጀል ወደ ሌላው ገባን ማለት ነው።

አራተኛ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድምፅ መስማት፣ ከሰው መሸሽ ካለ ሩቅያ ከሐኪም አይከለክልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል። ልጁንም ሆስፒታል አብሬው ሄጃለሁ፤ እንቅልፉ ተመልሷል።

የተመለሰ ሰው

ልጁ በመጨረሻ የጠየቀኝ ይህን ነው፦ «አሁን አላህ ይቀበለኛል?»

የፊርዐውንን ሳሒሮች አስታወስኩት። ጠዋት ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ክፍያ ነበር፤ «ካሸነፍን ምን ይሰጠናል?» ያሉት እነሱ ናቸው። የሙሳን (ዐ.ሰ) በትር ሲያዩ ግን የገዛ ሙያቸውን ስለሚያውቁ ይህ ሲሕር አለመሆኑ ገባቸው፤ ወደ ሱጁድ ወደቁ። ፊርዐውን እጅና እግራችሁን እቆርጣለሁ ሲላቸው ያኔ የፈለጉት ክፍያ አልነበረም፤ የጌታቸው ምሕረት ብቻ ነበር። ይህ በሱረቱል አዕራፍና በሱረቱ ጧሃ ይገኛል። ዕድሜ ልካቸውን ሳሒር የነበሩ ሰዎች በአንድ ሱጁድ ከተመለሱ፣ 38 ሌሊት የተሳሳተ ልጅ ለምን ተስፋ ይቆርጣል?

ስልኩ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አጠፋ፤ የጻፋቸውን ወረቀቶች ሱረቱል ፈለቅንና ናስን እየቀራን አቃጠልናቸው። እናቱ ጋ ደወለ። ፈተናውን እንደገና ተቀምጧል። የልጅቷ ነገር አልተሳካም፤ አሁንም ያመዋል። «ዱዓ ሳደርግ ግን አላዝዝም፤ እጠይቃለሁ» ይለኛል። ሌሊት መነሳቱንም አልተወም። ሁለት ረከዓ ይሰግዳል፤ ክፍሉ በር አይቆለፍም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በዛሬዋ ጁሙዓ ሱረቱል ከህፍን እንቅራ፤ በነቢያችን ላይ ሶለዋት እናብዛ፤ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባትን ሰዓት እንጠባበቅ። ከዐስር በኋላ ያለችው ሰዓት እንደሆነች ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ። የሚያስጨንቅህን ነገር በዚያች ሰዓት፣ በራስህ አፍ፣ በአማርኛም ሆነ በጋሞኛ ለአላህ ንገረው። መካከለኛ አያስፈልግህም። አርባ ሌሊትም አያስጠብቅህም።

አላህ ሆይ፣ ከማናውቀው ሰው ተንኮልና ከምናውቀው ነፍሳችን ምኞት ጠብቀን። ባሪያዎችህ መሆናችንን አስወድደን። የተሳሳቱትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን በሰላም መልስልን። አርባ ምንጭንና አገራችንን ሁሉ ሰላም አድርግልን። አሚን።

ለሚያስፈልገው ወንድም ወይም እህት አድርሱት፤ ስም ሳትጠሩ።
ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።